ስኩተሩን የት አደረግሽው?

«ዳቦ ለመግዛት ይሄን ያህል መስታወት ፊት ይቆማል?» አለች እናቷ፣ ከጀልባዋ ጠባብ ወጥ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጩጬ መልስ አታጣም ነበር። ዛሬ ግን ዞርም አላለች። መስታወቱ ፊት የቆመችው ለመኳኳል አልነበረም። አፏን ነበር የምታየው። ባለፈው እሁድ ሰው በተሰበሰበበት «አላውቀውም» ያለውን አፍ። ሳምንቱን ሙሉ ጥርሷን ስትቦርሽም፣ ለበሽተኛ የመድኃኒት አወሳሰድ ስታስረዳም ያ ቃል ምላሷ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አላት። ኤዲያ! ወሬ ሲሆን የማይደክመው አፍ፣ አንዲት እውነት ተናገር ሲባል እንዲህ ይክዳል?

ጩጬ ስሟ አይደለም። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች የወጣላት ነው። እሷስ ነጭ ጋዋን ለብሳ መድኃኒት ቤት የምትመራ፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ ደውለው የሚያማክሯት ሙሉ ሴት ናት። እናትና አባቷ ፊት ስትቆም ግን ያ ሁሉ ጋዋን የት እንደሚገባ እንጃ፤ ተመልሳ ጩጬ ትሆናለች።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ በነጯ ጀልባ ሐይቁን ያቋርጥና እዚህ ወደብ ደርሶ ያድራል፤ እሁድ ይመለሳል። የሀብታሞቹ ጀልባዎች የሚታሰሩት ከእንጨቱ መረማመጃ ጫፍ፣ ውሃው ጥልቅ ከሆነበት ነው። ከዚያ እስከ ዳቦ ቤቱ ያለው መንገድ ለእግር ረጅም፣ ለመኪና ክልክል ነው። ስለዚህ አባቷ ተጣጥፎ ከጀልባዋ የኋላ ሳጥን የሚገባ ኤሌክትሪክ ስኩተር ገዛ። የገዛውስ ለራሱ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን ከነባርኔጣው የገመድ ክምር ላይ ተዘረረና ከዚያ ወዲያ ስኩተሩ «የጩጬ» ተባለ። በረዶ ሲያልቅ ጩጬ፣ ዳቦ ሲጠፋ ጩጬ፣ የእናቷ የራስ ምታት ሲነሳ ጩጬ።

አባቷ አንድ ሕግ ነበረው። የሆነ ሰው ጀልባ በባትሪ ሰበብ መቃጠሉን ከሰማ ወዲህ፣ «ያ ነገር ጀልባዬ ላይ አይሰካም!» ብሎ ቁርጡን ተናግሯል።

«ታዲያ የት ልሙላው አባዬ?»

«ምድር ላይ። የፈለግሽበት።»

ይኸው እንግዲህ፣ በገዛ አፉ የፈለግሽበት አላት። እሷም የፈለገችበት ሸራ ሰፊው ጋ ሆነ።

የሸራ ሰፊው ሱቅ ከመረማመጃው መነሻ አጠገብ፣ አሮጌ የጀልባ መጋዘን ተከፍሎ የወጣ አንድ ክፍል ነው። ሰውየው የጀልባ ልብስ ይሰፋል፤ የፀሐይ መከለያ፣ የመቀመጫ ሽፋን፣ የሞተር ከረጢት። ጆሮው ላይ ጠመኔ ይሰካና እዚያው ይረሳዋል፤ ከዚያ ጠመኔውን ፍለጋ ሱቁን ያተራምሳል።

«ይቅርታ፣ ሶኬት ላስቸግርህ ነበር» አለችው የመጀመሪያው ቀን።

ሶኬቱ አንድ ነበር፤ እሱም የስፌት መኪናው የተሰካበት። ሰውየው ስኩተሩን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እሷን አየ። እሷን ያየበት ትንሽ ሳይረዝም አልቀረም። ከዚያ የመኪናውን ገመድ ነቅሎ የእሷን ሰካና መርፌና ክር አንስቶ ሸራውን በእጁ ይሰፋ ጀመር።

«ውይ፣ ሥራ አስፈታሁህ እኮ!»

«ግድ የለም። እጄም መስፋት እንዳይረሳ ነው።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚሰፋውን ሥራ እየለየ ለቅዳሜ ያቆይ ጀመር። ባትሪው ከሞላም በኋላ «ገና ትንሽ ይቀረዋል» ይላል እሱ፤ «አዎ፣ ይቀረዋል» ትላለች እሷ። አረንጓዴው መብራት ግን ቦግ ብሎ ሁለቱንም ይታዘባቸዋል። ቻርጀር ይዛ መመላለሱ ሲሰለቻት ግድግዳው ላይ ምስማር መታላት፤ ቻርጀሩም እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። «የዳቦዋ እመቤት» ይላት ነበር፤ ሁልጊዜ ዳቦ ልትገዛ እንደወጣች ስለሚያውቅ። አንድ ቀን ያንን መርፌ ያጠነከረውን እጁን እጇ ላይ አሳረፈና፣ «ዳቦው ይደርቅብሻል፣ ሂጂ» አላት። አልሄደችም።

ለእናቷ ግን አልነገረችም። እንዴት ብላ! እናቷ ለልጇ የሚሆነውን ሰው መርጣ ጨርሳለች፤ የአባቷ የሥራ ሸሪክ ልጅ፣ ኢንጂነሩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ ሲሚንቶ ካልሆነ ወሬ የለውም እንጂ። ስለ ወደብ ሠራተኞች ደግሞ እናቷ፣ «ሰላምታ ከሰጠሻቸው ይበቃል» ትላለች። ጩጬም በየሳምንቱ «በሚቀጥለው እነግራታለሁ» እያለች ቀኑን ስትገፋ፣ ያ የተረገመ እሁድ መጣ።

ዋዜማውን ማታ ዝናብ ጣለ። ባትሪው ገና አልሞላም ነበር፤ ሸራ ሰፊው «እዚሁ ይደር፣ ስትበሰብሺ ከሚታየኝ» ብሎ ሸራ አልብሶ ሸኛት። ጀልባዋ ላይ ስትወጣ እናቷ፣ «ስኩተሩን የት አደረግሽው?» አለቻት።

«ሳጥኑ ውስጥ» አለች ጩጬ። ምን አደከማት፣ ውሸት ለምዳለች።

ጠዋት አባቷ ገመድ ሊያወጣ ሳጥኑን ሲከፍት ስኩተር የለም። ልጁ ገና እንደተኛች ወደ ወደቡ ጥበቃ ደወለ። ጥበቃው ሻምበል ይባላል። ወታደር ቤት በበሩም አልፎ አያውቅም፤ ኮፍያውን አይተው ነው ሰዎች የሾሙት። ሻምበል ሱቅ ለሱቅ ሲያስስ፣ ስኩተሩን ሸራ ሰፊው ጋ ከሶኬት ጋር እንደተሰካ አገኘውና «ሌባ ከነቻርጀሩ!» እያለ መረማመጃውን በጩኸት ሞላው።

ጩጬ ፊቷን ሳትታጠብ ስትወጣ፣ ጀልባዋ ላይ ኢንጂነሩና እናቱ ለቁርስ ተቀምጠዋል። ታች መረማመጃው ላይ ሻምበል የሸራ ሰፊውን ክንድ ጨምድዶ ቆሟል። እዚያ ወደብ ጫማ ተደርጎ ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ከመወጣጫው ግርጌ የጫማ ቅርጫት አለ። ሸራ ሰፊው፣ ሌባ ተብሎ ተይዞ እንኳ፣ እንደ ልማዱ ሸበጡን አውልቆ በባዶ እግሩ ቆሞ ነበር። ጀልባውን እንዳያቆሽሽ መሆኑ ነው።

«ጩጬ፣ ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ? አንቺ ነሽ የሰጠሽው?» አለች እናቷ።

የኢንጂነሩ እናት ሲኒያቸውን ከከንፈራቸው አድርሰው ቀና አሉ። ሁሉም እሷን ያያል። እሱም ያያታል፤ እንደዚያ ዓይነት እምነት ያለበት አስተያየት በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ዓይኑን ማየት አቃታት። እግሩን አየች።

«አላውቀውም።»

ከዚያ ሸራ ሰፊው ቀስ ብሎ፣ «መንገድ ላይ ቆሞ አግኝቼው ነው» አለ።

«ከነቻርጀሩ መንገድ ላይ!» ብሎ ሻምበል ሳቀ። የኢንጂነሩም እናት ሳቁ። ሸራ ሰፊው ሌባ መባሉ ሳያንስ ውሸታም ተባለ።

አባቷ ነገር አይወድም፤ «ፖሊስ አልፈልግም፣ ከዚህ ይሂድልኝ ብቻ» አለ። የወደቡም ኃላፊ፣ «ባለጀልባው ቅዳሜ መጥቶ ቃሉን ይፈርማል፤ ሸራ ሰፊውም ሱቁን ይለቃል» ብለው ወሰኑ። ስኩተሩና ቻርጀሩ ወደ ጀልባዋ ተመለሱ። ጩጬ የሽንት ቤቱን በር ዘግታ ውሃ ከፈተችና ለቅሶዋ እንዳይሰማ ፎጣ ነከሰች።

ያ ቅዳሜ እነሆ ዛሬ ነው።

«አባዬስ?» አለች ከመስታወቱ ዞር ብላ።

«ኃላፊው ቢሮ ሄዷል። ለዚያ ሌባ ፊርማ ሊሰጥ። ዕቃውን ከጠዋት ጀምሮ እያወጡት ነው አሉ፤ ሌላ ሰው ከሰዓት በኋላ ይገባበታል። በይ ነይ ፍጠኚ፣ እነ ኢንጂነር ለምሳ ይደርሳሉ፣ ዳቦ የለም...»

ጩጬ የቀረውን አልሰማችም። ሳጥኑን ከፈተች፣ ስኩተሩን ዘረጋች፣ ቻርጀሩን እጀታው ላይ ጠመጠመች፤ ለምን እንደጠመጠመችው ራሷም አታውቅም። ጫማዋ ቅርጫት ውስጥ መቅረቱን ያወቀችው የስኩተሩ የእግር መቆሚያ ባዶ እግሯን ሲያቃጥላት ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስትነሳ ቆራጥ አልነበረችም። ልቧ ወደ ቢሮው ሂጂ ይላታል፣ እጇ ስኩተሩን ወደ ዳቦ ቤቱ ያቀናል። «ዳቦውን ገዝቼ በዚያው አልፋለሁ» ትላለች። ቀጥላ ደግሞ «ከምሳ በኋላ አባዬን ለብቻው አነጋግረዋለሁ» ትላለች። ፈሪ ሰው ቀጠሮ ሲያበዛ ጉድ ነው።

ከሱቁ ፊት ስትደርስ የስፌት መኪናው ፀሐይ ላይ፣ ጋሪ ላይ ተጭኖ አየችው። ሸራ ሰፊው የተጠቀለለ ሸራ ትከሻው ላይ አድርጎ ከበሩ ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አንድ ነገር እንዲላት ጠበቀች፤ ቢሰድባት እንኳ ትድን ነበር። እሱ ግን ለማንኛውም የጀልባ ባለቤት ልጅ እንደሚያደርገው አንገቱን ዝቅ አድርጎ መንገድ ለቀቀላት። መንገድ ለቀቀላት! ፍጥነት ጨመረች፤ ማምለጧ ነበር።

አላመለጠችም። ሳምንት ሙሉ ማን ሞልቶት፤ ስኩተሩ ከሱቁ ትንሽ አለፍ እንዳለ ጲጲ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁልፉን ተጫነች። ደገመች። ወይ ፍንክች! ወርዳ በባዶ እግሯ ትገፋው ጀመር። ተጣጥፎ በእጅ ሲያዝ ቀላል ነው፤ ሲገፋ ግን ጎማው አልንከባለል ይላል።

ከአንዷ ጀልባ ጥላ ሥር መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴትዮ፣ «ጩጬ! ምነው በእግርሽ?» ብላ ተጣራች። ሰው ሁሉ ዞረ። «ያ ሌባ አበላሽቶብሽ ነው አይደል? እኔስ ነግሬያቸው ነበር፣ ፊቱም...»

ጩጬ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ሸራ ሰፊው ሰምቷል። ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ያለው ሸራ ግን ሊወርድ ሲል መልሶ ሲያቃናው አየችው።

«ሌባ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሌባ አይደለም!» አሁን ድምጿ ከራሷ በላይ ሆኖ ወጣ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት! ባትሪው ያለቀው እሱ ስላልሞላልኝ ነው!»

ጩጬ የሸራ ሰፊውን ፊት ለማየት አልደፈረችም። ላብ በላብ ሆና ስኩተሩን እየገፋች፣ የዳቦ ቤቱን መታጠፊያ ትታ ወደ ኃላፊው ቢሮ አቀናች።

አባቷ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ለመፈረም መነጽሩን ይፈልጋል። መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜም እዚያው ነው። ኃላፊው፣ ጸጉራቸው የሳሳ፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅላቸው የሚሹ ሰው፣ እስክሪብቶውን ይዘው ይጠብቃሉ። ሻምበል በሩ ላይ ቆሟል።

«አባዬ፣ እንዳትፈርም» አለች ስኩተሩን እየገፋች ገብታ።

አባቷ ቀና ብሎ መጀመሪያ ያየው ባዶ እግሯን ነው። «ምን ሆነሽ ነው? ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም። ስኩተሩ አልተሰረቀም። እኔ ነኝ እሱ ጋ የተውኩት። ሳጥኑ ውስጥ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። ቻርጀሩም ሁልጊዜ እሱ ጋ ነበር፤ ምስማር መትቶልኝ...»

«እኔማ ጠርጥሬ ነበር!» አለ ሻምበል ከበሩ።

«አንተ ዝም በል!» አሉ ኃላፊው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ታዲያ ያን ቀን ሲጠየቅ አጠገቡ ነበርሽ አይደል? ለምን አልተናገርሽም?»

«አፈርኩ።»

«በምኑ?»

ከሁሉ የከበዳት ይህ ጥያቄ ነበር። ውሸቷን መናገር ቀላል ነው፤ ምክንያቱን መናገር ግን ልብስ ማውለቅ ሆነባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በእሱ» አለች በመጨረሻ። «ሸራ ሰፊ በመሆኑ። እንግዶች ፊት በባዶ እግሩ በመቆሙ። ሌባ ሲሉት ዝም አልኩ፤ እሱ ደግሞ እኔን ላለማጋለጥ መንገድ ላይ አገኘሁት አለ። ሳምንቱን ሙሉ እንጀራ አልወረደልኝም አባዬ። ራሴን ማየት አስጠላኝ።»

አባቷ ወረቀቱን ሳይፈርም ወደ ኃላፊው መለሰው። «እዚያ ሱቅ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ባትሪ እስኪሞላ እጠብቅ ነበር።»

«ሁልጊዜ ቅዳሜ?»

«ሁልጊዜ ቅዳሜ።»

«ባትሪ ብቻ?»

ጩጬ አንገቷን ደፋች። እንባዋ የስኩተሩ እጀታ ላይ ጠብ አለ። «አይደለም አባዬ።»

አባቷ ተነሳ። ይመታኛል ብላ አልፈራችም፤ አባቷ እጁን አንስቶባት አያውቅም። የፈራችው ፊቱን ነው፤ ፊቱ ድንገት አርጅቶባት ነበር። «አንድን ንጹሕ ሰው ከእንጀራው ላፈናቅል ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በገዛ እጄ። ልጄ እያወቀች ዝም ብላኝ። ይሄን ከማይ ስኩተሩ ሐይቅ ቢገባ ይሻለኝ ነበር።» ወደ ኃላፊው ዞረ። «ጋሪውን አስመልሱልኝ። ሰውየውን እኔ ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ዛሬ ግን ፊቱን ለማየት ፊት የለኝም።» ከዚያ ወጣ። በሩ ላይ ሲያልፋት ትከሻዋን ነካ አደረጋት ወይስ ገፋ አደረጋት፣ ጩጬ አለየችም። በሁለቱም ግን አለቀሰች።

ወደ ሱቁ ስትመለስ ወሬው ቀድሟታል፤ ሻምበል ሮጦ ነግሮታል። ሌባ ብሎ የጮኸበት ጉሮሮ አሁን ደግሞ «ንጹሕ ነው! እኔ አላልኳችሁም?» እያለ መረማመጃውን ያካልላል። የስፌት መኪናው ተመልሶ በሩ ሥር ቆሟል። ክፍሉ ባዶ ነው። ሸራ ሰፊው መሬት ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ ያ ባዶ ምስማር ይታያል።

«ሱቅህን ሊመልሱልህ ነው» አለች ከደጃፉ ሳታልፍ።

«ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይህን «እግዜር ይስጥልኝ» ለእናቷም ሊላት ይችል ነበር። ጩጬን የጎዳት ይህ ነው።

«ስደበኝ እሺ? ጩኽብኝ። እንደ ባዳ አታናግረኝ።»

«ባዳማ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።» ድምጹን ከፍ አላደረገም። «ታውቂያለሽ፣ ሌባ ሲሉኝ አልደነገጥኩም። ቀና ብዬ አንቺን ሳይ፣ አሁን ትናገራለች፣ አለቀ፣ ብዬ ነበር። ልቤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር፤ እንግዲህ በዚህ ሰበብ ይወቁን ብሎ። አየሽ ቂልነቴን? ዓይንሽን ስፈልገው፣ አንቺ እግሬን ታያለሽ።»

«አፍሬ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም አፍሬ ነበር። ሸበጤን ያወለቅኩበትን እግሬን ሳምንቱን ሙሉ ጠላሁት። እናቴ የወለደችውን እግር!»

ጩጬ ስኩተሩን ለቀቀችው፤ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። እሷም ከደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «መንገድ ላይ አገኘሁት ስትል ንቀኸኝ መሰለኝ። ከእንግዲህ አላውቅሽም ማለትህ መሰለኝ። ለዚያ ነው ማታውኑ ሮጬ ያልመጣሁት። ቆይ፣ ይሄም ውሸት ነው። ያልመጣሁት ፈሪ ስለሆንኩ ነው።»

ሸራ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ትንሽ ረዘም አድርጎ። ከጥጉ አንድ ነገር አንስቶ ጉልበቷ ላይ ጣለላት። በወፍራም ሸራ በእጅ የተሰፋ፣ ገና ጠርዙ ያላለቀ ከረጢት ነበር፤ የተጣጠፈ ስኩተር የሚያክል። ጎኑ ላይ ለቻርጀር የምትሆን ኪስ ጣል ተደርጎበታል።

«ጀልባው ላይ ውሃ እንዳይረጨው ብዬ ነበር» አለ። «ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ ብዬ ሳስብ፣ ልኩ ለማንም አይሆንም።»

እዚህ ላይ ጩጬ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። ከረጢቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሸራው ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። እሱ አላባበላትም። ለቅሶዋ ጋብ ሲል ተነሳ፣ ቻርጀሩን ከስኩተሩ እጀታ ላይ ፈታ፣ ሶኬቱ ላይ ሰካና ቀዩን መብራት እስኪያይ ቆመ። የስፌት መኪናው በሩ ላይ ተራውን ይጠብቃል።

«ይቅር አልከኝ?» አለችው።

«አላልኩም። ስኩተሩን ነው የሰካሁት።» ከዚያ ድምጹ ትንሽ ለሰለሰ። «ለኃላፊው ነግረሻል። ለአባትሽ ነግረሻል። ለዚያች ባለመነጽሯም ጮኸሽላታል፤ ሰምቻለሁ። እኔ ግን የተካድኩት እናትሽ ጀልባ ሥር ነው። እዚያው ቦታ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት የጠየቀችሽን ዛሬ መልሺላት። ያኔ ነይና ስኩተርሽን ውሰጂ። አሁን በእግርሽ ሂጂ።»

ተነሳች። ሁለት እርምጃ ሄዳ የጋለው እንጨት እግሯን ሲለበልባት ጣቶቿን ሰበሰበች። እሱም አየ። መቼም አንዳንዱ ሰው ተቀይሞም ዓይኑ አያርፍም። ሸበጡን አወለቀና በእግሩ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«እንዳትቃጠይ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ» አለ።

«አልመሰለኝም» አለች፤ ውሸቷን።

በሰፊ ሸበጥ መሄድ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ በየእርምጃው ጠፍ፣ ጠፍ። ያ ረጅም መረማመጃ፣ ዛሬ ጭራሽ የረዘመ፣ በሁለቱም ጎን ጀልባ፣ ጀልባው ላይ ሁሉ ሰው። ሴትዮዋ መነጽሯን አውርዳ አየቻት። አንድ ሰውዬ ገመድ መጠቅለሉን ትቶ ቆመ። ጩጬ እፍረቷ ከእግር ጥፍሯ እስከ ጆሮዋ ሲያግላት ይሰማታል፤ አልሮጠችም፣ ደግሞም በዚያ ሸበጥ መሮጥ አይቻልም።

ነጯ ጀልባ ላይ እነ ኢንጂነር ደርሰው ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል። አባቷ ከመሪው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ለማንም አልተናገረም፤ ለእሷ ትቶታል።

«ይኸው መጣች! ዳቦውስ?» አለች እናቷ።

«አልገዛሁም።»

«አልገዛሁም? ያን ሁሉ ቆይተሽ...» የእናቷ ዓይን ወደ ታች ወረደ። «ይሄ ደግሞ የማን ሸበጥ ነው?» የኢንጂነሩ እናትም ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። እናቷ ዙሪያዋን ቃኘች። «ስኩተሩን የት አደረግሽው?»

ያው ጥያቄ። ያው ድምጽ። ጩጬ ምላሷ እንደገና ሲተሳሰርባት ተሰማት። ኢንጂነሩ በደግ ፊት ያያታል፤ እሱንም አፈረችው። ከዚያ ቀና ብላ የእናቷን ዓይን፣ ዓይኗን ብቻ አየች።

«ሸራ ሰፊው ጋ ነው እማዬ፤ እየሞላ ነው። ባለፈውም እዚያ ያሳደርኩት እኔ ነኝ። ሸበጡ የሱ ነው። ባለፈው እሁድ ታውቂዋለሽ ወይ ብለሽኝ ነበር፤ አውቀዋለሁ። እወደዋለሁም።»

አባቷ ከመሪው ሳይዞር አንገቱን አንዴ ነቀነቀ። ጩጬ ሸበጡን አወለቀች፣ ጎንበስ ብላ ከጫማው ቅርጫት፣ ከአባቷ ጫማ አጠገብ በጥንቃቄ አስቀመጠችው፤ ከዚያም ማንም የፈለገውን ያህል እንዲያየው ባዶ እግሯን መወጣጫው ላይ አሳረፈች።